ሁለት ንግሥት ይዞ አቻ የወጣው ልጅ

የእህቴ ልጅ 9ኛ ክፍል ነው፤ ሻሸመኔ ነው የሚኖሩት። ባለፈው እነሱ ቤት ስሄድ ገና ወንበር ሳልይዝ የሰማሁት ዜና “ጋሼ፣ እኔ ቼዝ አቁሜያለሁ” የሚል ነበር። እናቱ ከጓዳ ሆና “ተወው፣ አኩርፎ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ እንዲሁ ነው” አለችኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ትምህርት ቤታቸው ውስጥ የክፍሎች የቼዝ ውድድር ነበር። በመጨረሻው ጨዋታ ካሸነፈ ክፍሉን ወክሎ ያልፋል፤ አቻ ከወጣ ግን በግማሽ ነጥብ ተበልጦ ይቀራል። ጨዋታው ደግሞ እንዴት ያለ ጨዋታ መሰላችሁ! የተጋጣሚውን ፈረሶች በላ፣ ሩኮቹን በላ፣ ንግሥቷን በላ፣ ወታደሮቹን አንድ በአንድ ለቅሞ ጨረሰ። አልበቃውም፤ የራሱን ወታደር እስከ መጨረሻው ረድፍ አድርሶ ሁለተኛ ንግሥት አወጣ። ለተጋጣሚው ሰሌዳው ላይ የቀረለት ንጉሡ ብቻ ነው። ዙሪያውን የቆሙት ጓደኞቹ ማጨብጨብ ጀምረዋል። ልጁ አንዷን ንግሥት አንስቶ ወደ ንጉሡ አስጠጋት። ዳኛው መጣ፣ ሰሌዳውን አየ፣ “ስቴልሜት ነው፣ አቻ” አለ።

“ሁለት ንግሥት ይዤ!” ይላል አሁንም። “ሁለት ንግሥት ይዤ አቻ!”

ብስቅ እንደሚብስበት ስለገባኝ ሳቄን ዋጥኩት። ደግሞስ በማን ላይ ነው የምስቀው? እዚያው ቀን ከአዲስ አበባ ስመጣ 250 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ ስልኬን ይዤ ስጫወት እኔም ያንኑ ስህተት ሠርቻለሁ። ልዩነቱ የኔን ማንም አላየብኝም።

ስልካችሁ ላይ የቼዝ አፕ የጫናችሁ ብዙ ናችሁ። ፈረስ እንደሚዘል፣ ቢሾፕ በሰያፍ እንደሚሄድ፣ ሩክ (ግንብ የሚሉትም አሉ) ቀጥ ብሎ እንደሚነዳ ታውቃላችሁ። ሰው ስትበሉም ጎበዝ ናችሁ። ከዚያ በኋላስ? ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ንጉሡን በቼክ ከወዲያ ወዲህ ማባረር፣ ማባረር፣ ማባረር... ሰዓት ያልቃል፣ ወይ ስቴልሜት ይመጣል፣ ወይ ቻርጅ ያልቃል።

እኔ ጥፋቱን በዳማ አሳብባለሁ። ሰፈር ውስጥ በቆርኪ ዳማ እየተጫወተ ያደገ ሰው ጨዋታ ማለት የሌላውን ጠጠር በልቶ መጨረስ ነው ብሎ ያስባል። ዳማ ላይ ልክ ነው። ቼዝ ላይ ግን የበላችሁት ብዛት ነጥብ አይሆንም። ንግሥታችሁንም፣ ሁለቱንም ሩካችሁንም ተበልታችሁ በቀረቻችሁ ወታደር ማት ካደረጋችሁ አሸናፊዎቹ እናንተ ናችሁ። መብላትና መጨረስ ሁለት የተለያዩ ሙያዎች ናቸው፤ አብዛኞቻችን የተማርነው አንደኛውን ብቻ ነው።

ማታ ላይ መብራት ጠፋ። የልጁ ስልክ 9 ፐርሰንት ላይ ነው፤ የኔም ከዚያ ብዙም አይሻልም። ሻማ አበራንና የካርቶን ክዳን ላይ በከሰል 64 ቤቶች ሠራን። ጠጠሮቹ ቆርኪዎች ሆኑ። ንጉሡ ግን ከሌላው መለየት አለበት ብሎ ልጁ ጓዳ ገብቶ ትንሽዬ ድንች ይዞ መጣ። ሻሸመኔ ውስጥ ምንም ቢጠፋ ድንች አይጠፋም።

“ሁሉንም አንደርድር” አልኩት። “ከመጨረሻው ነው የምንጀምረው።”

ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። ኩባዊው ሆዜ ራውል ካፓብላንካ የዓለም ሻምፒዮን በሆነበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1921፣ ለጀማሪዎች ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ መጀመሪያ ያስቀመጠው የጨዋታ አከፋፈትን አይደለም፤ ቀላል ማቶችን ነው። ሰሌዳው ላይ ሦስት አራት ጠጠር ብቻ አስቀምጦ “ይሄን ጨርስ” ይላል። እኛ ግን ዩቲዩብ ላይ ስማቸው ቄንጠኛ የሆነ የአከፋፈት ዘዴዎች እያየን ሌሊቱን እናነጋለን።

በመጀመሪያ ማት ምን እንደሆነ በደንብ እንግባባ። ንጉሡ ቼክ ሲባል ማምለጫው ሦስት ነው። አንድ፣ ሸሽቶ ሌላ ቤት መሄድ። ሁለት፣ መሐል ላይ ሌላ ጠጠር አስገብቶ መከለል። ሦስት፣ ቼክ ያለውን ጠጠር መብላት። (የፈረስ ቼክ ሲሆን መከለል አይሠራም፤ ፈረስ ይዘላላ።) ሦስቱም ከተዘጉ ማት ነው፤ አለቀ። ንጉሡ አይበላም፣ ጨዋታው እዚያው ላይ ይቆማል።

ልጁ ይሄን ያውቃል። ያልገባው ስቴልሜት ነው። “መሄጃ አሳጣሁት አይደል? ታዲያ ለምን አላሸነፍኩም?” ነው ጥያቄው።

“ሻሸመኔን አስብ” አልኩት። “መስቀለኛ ከተማ ናት። ወደ ሐዋሳ ትወጣለህ፣ ወደ ባሌ ትወጣለህ፣ ወደ ወላይታ ትወጣለህ፣ ወደ አዲስ አበባ ትወጣለህ። ንጉሡ መሐል አደባባይ ላይ ቆሟል እንበል። በአራቱም በር ኬላ ዘጋህበት፤ አሳዳጁም ቆሞበት ደርሷል። ይሄ ማት ነው። አሁን ደግሞ በአራቱም በር ዘጋህበት፣ ግን ማንም አልደረሰበትም። ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ ነው። ተራው የእሱ ነው፣ የሚሄድበት የለም፣ የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ሰውም የለውም። ይሄ ስቴልሜት ነው። አልተያዘማ!”

ትንሽ አሰበና “ሌላ ሰው ቢኖረውስ?” አለ። ይሄ ጥያቄ ወርቅ ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ትምህርት ሁለት ሩክ ነው። ስልካችሁ ላይ ሰሌዳው ጠርዝ ላይ ከኤ እስከ ኤች ፊደሎች፣ ከ1 እስከ 8 ቁጥሮች አሉ። ብትችሉ አፑን ከፍታችሁ ባዶ ሰሌዳ ላይ አብራችሁኝ ደርድሩ። የጥቁር ንጉሥ ኢ5 ላይ ነው። አንደኛው የነጭ ሩክ ኤ4 ላይ፣ ሁለተኛው ቢ1 ላይ፤ የነጭ ንጉሥ ራቅ ብሎ ኤች1 ላይ ይቀመጥ፤ እሱ ለዚህ ሥራ አያስፈልግም።

ኤ4 ላይ ያለው ሩክ 4ኛውን ረድፍ በሙሉ እንደ አጥር ዘግቷል። ንጉሡ ወደ ታች መውረድ አይችልም። አሁን ሁለተኛውን ሩክ ቢ5 ላይ አምጡና ቼክ በሉት። ወደ 6ኛው ረድፍ ከመውጣት ሌላ ምርጫ የለውም፤ ኢ6 ሄደ እንበል። ኋላ የቀረው ሩክ ከኤ4 ወደ ኤ6 ይዘላል፣ ቼክ። ንጉሡ ኢ7። ሌላኛው ከቢ5 ወደ ቢ7፣ ቼክ። ንጉሡ ኢ8። የመጀመሪያው ከኤ6 ወደ ኤ8፣ ማት። መሰላል እንደመውጣት ነው፤ አንድ እግር ይቆማል፣ ሌላው ይነሳል።

ልጁ በሁለተኛው ሙከራ ያዘው። ሦስተኛው ላይ እኔ ክፉ ሆንኩበት። ድንቹን በኢ6 ፋንታ ዲ6 ላይ ወሰድኩት፤ ኤ6 ላይ ቼክ ሲለኝ ደግሞ ወደ ሩኮቹ ተጠግቼ ሲ7 ገባሁ። እሱ ሳያይ መሰላሉን ቀጠለና ሩኩን ቢ7 ላይ አስቀመጠ። ድንቹ ሩኩን በላው።

“እንዴ!”

እንዴ የለም። ሩክ ከሩቅ ነው የሚሠራው፤ ከንጉሥ ጎን ለጎን ጠባቂ የሌለው ሩክ ምሳ ነው። ንጉሡ ወደ ሩኮቻችሁ ከተጠጋ ቸኩላችሁ ቼክ አትበሉ። ሩኩን በዚያው ረድፍ ላይ ወደ ሌላኛው ጫፍ ላኩት፤ ለምሳሌ ከቢ5 ወደ ኤች5። አጥሩ እንዳለ ይቆያል፣ ሩኩም ከንጉሡ እጅ ይርቃል። አንድ እርምጃ ያወጣባችኋል፤ ምንም አይደል።

ሁለተኛው ትምህርት ንግሥትና ንጉሥ ለብቻው ንጉሥ ነው። ልጁን ያስለቀሰው (አላለቀስኩም ይላል፤ እናቱ ግን ሌላ ነው የምትለው) ይሄ ነው። ብልሃቱ ቀላል ነው፦ ንግሥታችሁን ከንጉሡ በፈረስ ዝላይ ርቀት አስቀምጧት። ፈረስ ብትሆን ኖሮ ቼክ በምትልበት ቦታ ማለት ነው። ከዚያ ንጉሡ የሄደውን እሷም ትሄዳለች። እሱ አንድ ቤት ወደ ቀኝ፣ እሷም አንድ ቤት ወደ ቀኝ። እሱ በሰያፍ ወደ ላይ፣ እሷም በሰያፍ ወደ ላይ። እንደ ጥላ ትከተለዋለች። ቼክ ማለት አያስፈልግም። ቤቶቹ እየጠበቡ፣ እየጠበቡ ራሱ ወደ ጠርዝ፣ ከጠርዝ ወደ ማዕዘን ይገባል።

እዚህ ጋ ቁም! ማዕዘን ሲገባ መከተል ታቆማላችሁ።

ለምን? የጥቁር ንጉሥ ጂ8 ላይ፣ ንግሥታችሁ ኢ7 ላይ ናቸው እንበል። ንጉሡ ወደ ኤች8 ገባ። በልማድ እሷንም አንድ ቤት ወደ ቀኝ፣ ወደ ኤፍ7 ብትወስዷት ምን ይሆናል? ጂ8ን ዘግታለች፣ ጂ7ን ዘግታለች፣ ኤች7ን ዘግታለች። ኤች8ን ግን አልነካችም። ተራው የእሱ ነው፣ ቼክ አልተባለም፣ መሄጃ የለውም። ስቴልሜት። ልጁ ይቺን ሲያይ ድንቹን ትኩር ብሎ አየና “በቃ ይሄው ነው! ልክ እዚህ ጋ ነው ያስቀመጥኳት!” አለ። ሁለተኛዋ ንግሥት ራቅ ብላ ቆማ ታይ ነበር፤ እሷም ልታድነው አልቻለችም።

ትክክለኛው ይሄ ነው። ንግሥቲቱ ኢ7 ላይ ትቆይ። ንጉሡ ጂ8 እና ኤች8 ላይ እየተመላለሰ ይዋል፤ ሁለት ቤት ተውለት፣ ይንቀሳቀስ። እናንተ በዚያ ጊዜ የራሳችሁን ንጉሥ በእግሩ አምጡት፤ ከየትም ይሁን፣ ቀስ ብሎ እስከ ጂ6። ጀማሪ የሚረሳው ይሄን ነው፦ ንግሥት ብቻዋን ማት ማድረግ አትችልም፣ ደጋፊ ትፈልጋለች። ንጉሣችሁ ጂ6 ከደረሰ በኋላ ተራው ሲደርሳችሁ የጥቁሩ ንጉሥ ኤች8 ላይ ከሆነ ንግሥት ኤች7፣ ማት። ጂ8 ላይ ከሆነ ንግሥት ጂ7፣ ማት። ሊበላት አይችልም፤ ከኋላዋ ባሏ ቆሟል።

እናቱ ይሄን ሁሉ እየሰማች ነበርና “ይሄ ጨዋታ ምን ያበላል?” አለች። ቀልዷን አይደለም፤ ፈተና እየደረሰ ነው። እኔም ቱንዴ ኦናኮያን ነገርኳት። ናይጄሪያዊ ነው፤ ቼዝ የተማረው ሌጎስ ውስጥ ፀጉር ቤት ሲውል ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2024 ላይ ኒውዮርክ፣ ታይምስ ስኩዌር ላይ ሰሌዳ ዘርግቶ 60 ሰዓት በተከታታይ ተጫወተ፤ ለድሃ አፍሪካውያን ልጆች ትምህርት ገንዘብ ለማሰባሰብ። እህቴ ሰማችኝና “60 ሰዓት? አልተኛም?” አለች። ከዚያ ሻማውን ወደኛ ጠጋ አደረገችው። ፈቃድ ማለት ነው።

አሁን ወደዚያ ወርቅ ወደሆነው ጥያቄ ልመለስ፤ “ሌላ ሰው ቢኖረውስ?”

መልሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የጨዋታው ስም እጃችን ላይ ነው። በየሳምንቱ የፕሪሚየር ሊጉን “የደረጃ ሰንጠረዥ” ታያላችሁ አይደል? ሰንጠረዥ ማለት መጀመሪያ ቼዝ ማለት ነው። ሕንዶቹ “ቻቱራንጋ” ያሉት፣ ፋርሶች ወስደው “ቻትራንግ”፣ ዐረቦች ደግሞ “ሻትራንጅ” ያሉት ጨዋታ እኛ ጋ ሲደርስ ሰንጠረዥ ሆነ። ካሬ ካሬ ስለሆነ ኋላ ለማንኛውም ባለ ረድፍና ዓምድ ነገር ስሙን ሰጠ። “ቼክሜት” የሚለውም ከዚያው ሰፈር ነው፤ “ሻህ” በፋርስ ንጉሥ ነው፣ “ሻህ ማት” ደግሞ ንጉሡ መላ አጣ እንደማለት ነው።

ጨዋታው እኛ ጋ የመጣው በአፕ አይደለም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል ከቬኒስ ከመጣ ቢቺኒ ከሚባል ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ተመዝግቧል። ከዚያ 300 ዓመት ያህል ቆይቶ ትግራይ የደረሰው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ የሰንጠረዥ ፍቅር እንደነበራቸው ጽፏል። ሕጉን ሰብስቦ በደንብ ያስቀመጠልን ሪቻርድ ፓንክረስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ።

ሕጉ ደግሞ ጉድ ነው። መጀመሪያ ላይ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች እኩል እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። “ወረራ” ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው ተራ መጠበቅ የሚጀመረው። ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ጠጠር እንደ ዛሬዋ ንግሥት ሰሌዳውን አቋርጦ አይበርም፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚራመደው። አውሮፓ ውስጥ ንግሥት የዛሬውን ጉልበት ያገኘችው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው፤ የኛዎቹ ግን በአሮጌው ሕግ ቀጠሉ። ስለዚህ እንደ ልጁ ሁለት ንግሥት አውጥቶ መፈንጨት የለም፤ ማት በላብ ነው የሚገኘው።

እኔን የገረመኝ ግን የማት ሥርዓታቸው ነው። ማት ሁሉ እኩል አይደለም። በሩክ ወይም በፈረስ የተደረገ ማት ማት ነው፣ ግን ማንም “እሰይ” አይልም። በወታደር የተደረገ ማት ያስከብራል። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ጠጠሮቹ ሁሉ አልቀውበት ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማድረግ አይፈቀድም። ማሸነፍ ከፈለግህ ሰውየው ገና ሰው እያለው ነው የምትጨርሰው። ሁሉንም ለቅመህ ከበላህበት በራስህ ላይ በር ዘጋህ ማለት ነው።

ልጁ ይሄን ሲሰማ ሳቀ። በቀደሙት ሕግ እሱ የተሸነፈው ስቴልሜት ላይ አይደለም፤ የመጨረሻዋን ወታደር የበላ ጊዜ ነው ጨዋታው ከእጁ የወጣው።

በዛሬው ሕግ ብቻውን የቀረን ንጉሥ ማት ማድረግ ይፈቀዳል፤ ክልክል አይደለም። ምክሩ ግን አሁንም ይሠራል፣ ምክንያቱም ስቴልሜት የሚመጣው ተጋጣሚያችሁ የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ምንም ሲያጣ ነው። አንዲት መንቀሳቀስ የምትችል ወታደር ከተዋችሁለት ንጉሡ መሄጃ ቢያጣ እንኳ ወታደሯን ይገፋል፤ ጨዋታው ይቀጥላል። እርግጥ እሷም ንግሥት ልትሆን እንዳትሮጥ መንገዷን ማየት አለባችሁ። ሦስት አራት እርምጃ የሚቀራት ከሆነች ግን ተዋት። ከበላችኋት ምን ትጠቅማችኋለች? ብትኖር ግን ታድናችኋለች።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሰዓታችሁ ቢያልቅና ተጋጣሚያችሁ ንጉሥ ብቻ ቢኖረው አትሸነፉም፣ አታሸንፉምም፤ አቻ ነው፣ እሱ በምንም መንገድ ማት ሊያደርጋችሁ ስለማይችል። ደግሞ ሁለታችሁም 50፣ 50 እርምጃ ሄዳችሁ ምንም ካልተበላና ወታደር ካልተንቀሳቀሰ አቻ መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ በቼክ ማባረር ዝም ብሎ ዕድሜ መቁጠር ነው።

ጨዋታው መሐል ላይ እያለ የሚመጡ ማቶችም አሉ፤ ሁለቱን ብቻ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም በየቀኑ የሚበሉን እነዚህ ናቸው።

አንደኛው የአራት እርምጃ ማት ነው። አፕ ላይ ጀማሪ ከሆናችሁ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ሳይሞከርባችሁ አይቀርም። ነጭ ወታደሩን ኢ4፣ ጥቁር ኢ5። ነጭ ንግሥቱን ኤች5 ያወጣል፣ ጥቁር ፈረሱን ሲ6። ነጭ ቢሾፑን ሲ4፣ ጥቁር “ንግሥቷን ላባርር” ብሎ ሌላውን ፈረስ ኤፍ6። ንግሥት ኤፍ7 ላይ ያለውን ወታደር ትበላለች፣ ማት። ኤፍ7ን የሚጠብቀው ንጉሡ ብቻ ነው፤ ንግሥቷን ደግሞ ቢሾፑ ከሩቅ ደግፏታል። መድኃኒቱ ፈረሱን ከማውጣት በፊት ወታደሩን ጂ6 መግፋት ነው። ንግሥቷ ወደ ኤፍ3 ሸሽታ እንደገና ኤፍ7ን ብታይ፣ አሁን ፈረሱን ኤፍ6 አውጡ፤ ይከልላል። ጂ6ን ግን ቸኩላችሁ ሁለተኛው እርምጃ ላይ እንዳትጫወቱት፤ ንግሥቷ ኢ5ን በልታ ንጉሡንና ሩካችሁን ባንዴ ታያለች። በነገራችን ላይ ይሄን ማት ራሳችሁ አትልመዱት። የሚያውቅ ሰው ሲገጥማችሁ ንግሥታችሁ ሰሌዳው መሐል እየተባረረች ትቀራለች።

ሁለተኛው የኋላ ረድፍ ማት ነው፤ ይሄ ትልልቆቹንም ይበላል። ንጉሣችሁ ጂ8 ላይ ተደብቋል፤ ፊቱ ኤፍ7፣ ጂ7፣ ኤች7 ላይ ሦስት ወታደሮቹ ተደርድረዋል። ደህና የተጠበቀ ይመስላል። ከዚያ አንድ ሩክ ከታች ተነስቶ 8ኛው ረድፍ ላይ ጉብ ይላል። ማት። ያሰሩት የራሱ ጠባቂዎች ናቸው። ጊዜ ሲኖራችሁ ኤች7 ላይ ያለውን ወታደር አንድ ቤት ግፉት፤ ለንጉሡ መስኮት መክፈት ነው። አንድ እርምጃ ታወጣላችሁ፣ ስንት ጨዋታ ታተርፋላችሁ።

ለልምምድ ሊቼስ የሚባለውን አፕ እመርጣለሁ። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፤ ፈረንሳዊው ፕሮግራመር ቲቦ ዱፕሌሲ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው ነው። “ማት በ1”፣ “ማት በ2” የሚሉ እንቆቅልሾች አሉት። ጀማሪ ከሆናችሁ ለሁለት ሳምንት ሌላውን ሁሉ ትታችሁ “ማት በ1” ብቻ ፍቱ። ታክሲ ስትጠብቁ፣ ባጃጅ ውስጥ፣ የትም። ዳታ ሲያልቅባችሁም ያለ ኢንተርኔት ከስልካችሁ ኮምፒውተር ጋር መጫወት ይቻላል። ስታሸንፉ ደግሞ ተጋጣሚያችሁ “እጅ ሰጥቻለሁ” ሲል አትደሰቱ፤ አለመዳችሁም። ጨርሱት።

ሻማው ወደ መጨረሻው ሲደርስ ልጁ “አንድ ጨዋታ ከሙሉው” አለኝ። ተጫወትን። ዕድሜዬን ስለማልደብቅ ውጤቱንም አልደብቅም፤ ፈረሴን በሞኝነት ሰጠሁት፣ ከዚያ ሩኬን። አንድ በአንድ ለቀመኝ። በመጨረሻ እኔ ጋ የቀሩት ንጉሥና ኤ7 ላይ የቆመች አንዲት ወታደር ናቸው። ንግሥቱ አጠገቧ ደርሳለች፣ መብላት ትችላለች። እጁ ቆርኪው ላይ ነው። አየሁት፤ እሱም አየኝ። ተዋት።

ንግሥቱን ኢ7 ላይ አስቀመጠ። እኔ ጂ8፣ ኤች8፣ ጂ8፣ አንዳንዴም ያቺን ወታደር ገፋ እያደረግሁ። እሱ ንጉሡን በእግሩ፣ ሳይቸኩል አመጣው። አንድም ቼክ አላለኝም። ንጉሡ ጂ6 ደረሰ።

“ያቺን ወታደር ለምን አልበላሃትም?” አልኩት፤ እያወቅሁ።

“እሷን ላንተ ነው የተውኳት፣ ጋሼ” አለና ንግሥቱን ኤች7 ላይ አስቀመጠ።

በሚቀጥለው ሴሚስተር ሌላ ውድድር አለ አሉ። ልጁ ስሙን አስመዝግቧል። ጠዋት ስነሳ ካርቶኑ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነበር፤ ቆርኪዎቹም በቦታቸው። ንጉሡ ግን የለም። እህቴን ብጠይቃት በማማሰያዋ ወደ ድስቱ አመለከተችኝ።